ነፋሱንም ንገሩን፦ ለአየር ትንበያ ባለሙያዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ የአየር ትንበያ ለምታዘጋጁ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ትንበያውን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ለምታነቡልን ሁሉ፤

ጤና ይስጥልን። ሥራችሁ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዝናብ ይመጣል ብላችሁ ሲቀር የሚያማችሁ ብዙ ነው። ሲመጣ ግን የሚያመሰግናችሁ የለም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት እናመሰግናለን። አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የምኖረው ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ፣ ወደ ድል በር በሚወስደው በኩል ነው። በሥራዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ግን እሮጣለሁ። ዘጠኝ ሆነን ነው የምንወጣው። ጎረቤት አለ፣ የሥራ ባልደረባ አለ፣ የባልደረባ እህት አለች። አንዴ እንጦጦ፣ አንዴ ሱሉልታ። ሁለቱ ብስክሌት ስለሚነዱ የሰንዳፋን አስፋልት ይመርጣሉ። ከመሀላችን ሜዳሊያ የሚያስብ የለም። አንደኛው ሐኪሙ ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ተንቀሳቀስ ብሎት ነው የጀመረው። አንዷ ከወለደች በኋላ አቅሟን ለመመለስ ነው። እኔን ያስወጣኝ ወገቤ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ መዋል ጨርሶኝ ነበር።

ዓርብ ማታ ሁላችንም ትንበያ እንጠብቃለን። «አዲስ አበባ፣ ከፍተኛ 23፣ ዝቅተኛ 9» ይባላል። ካርታው ላይ ፀሐይና ቁራጭ ደመና ይታያል። ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ይታለፋል። እኛ ግን ጥያቄያችን ገና አልተመለሰም። የትኛው አዲስ አበባ? በስንት ሰዓት? ነፋሱስ ከየት ነው?

ከተማችን እኮ አንድ ሜዳ ላይ የተዘረጋች አይደለችም። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,330 ሜትር ነው። እንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ይበልጣል። ሱሉልታ ሜዳ 2,700 አካባቢ ነው። አቃቂ ደግሞ ወርዶ ወርዶ 2,100 ገደማ ይደርሳል። በየ100 ሜትሩ ሽቅብ ሲወጣ አየሩ በግማሽ ዲግሪና ከዚያ ትንሽ በሚበልጥ ይቀዘቅዛል። ቦሌ ላይ በሸሚዝ የሚያስኬድ ቀን እንጦጦ ላይ ከ4 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል ማለት ነው። ይህ ገና ነፋሱ ሳይቆጠር ነው።

እኛን የጎዳን ደግሞ ነፋሱ ነው።

ታኅሣሥ ነበር። ከቤት ስወጣ ስልኬ 8 ዲግሪ ይላል። ሱሉልታ ስንደርስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከሚኒባሱ ስንወርድ ሣሩ ነጭ ነው። አመዳይ መሬቱን ሸፍኖታል፤ ስንረግጠው ከጫማችን ሥር ይንኮሻኮሻል። አንድ ትንሽ ልጅ ጥጆቹን ውኃ ሊያጠጣ ገንዳው አጠገብ ቆሟል። ገንዳው ላይ እንደ መስታወት የሳሳ በረዶ ተጋግሯል። ልጁ በዱላው ጫፍ ሁለቴ ኳ ኳ አደረገውና ሰበረው። ስብርባሪውን በእጁ ዛቅ አድርጎ ጣለ። ጥጆቹም አጎንብሰው ጠጡ። እንደ ሁልጊዜ የጠዋት ሥራው ነው የሠራው። እኛ ነን አፋችንን ከፍተን ያየነው። 8 ዲግሪ የተባለው የዚህ ሜዳ ሙቀት እንዳልሆነ ያኔ ገባን።

ብርዱን ግን ቻልነው። ነፋስ አልነበረም። ከየቤቱ የሚወጣው ጭስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሄዳል። ወደ ምዕራብ የሚወስደውን ኮረኮንች ይዘን ጀመርን። ትንሽ እንደሄድን ላብ አላበን። ጃኬት ወገብ ላይ ታሰረ። ደስ የሚል ጠዋት ነበር። እየተጫወትን፣ እየሳቅን፣ ከወትሮው ራቅ ብለን ሄድን። ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ከኋላችን ቀስ ብሎ መንፈስ ጀመረ። አላስተዋልነውም። ከኋላ የሚመጣ ነፋስ ደግሞ አይታወቅም። ሩጫው ቀለለን እንጂ ነፋስ ነው አላልንም።

ስንዞር ታወቀን። ከምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ፊት ለፊት ገጠመን። የረጠበው ቲሸርታችን ደረታችን ላይ ተለጠፈ። ጃኬቴን ለመልበስ ብሞክር ጣቶቼ ዚፑን መያዝ አቃታቸው። ያቺ ከወለደች ወዲህ የጀመረችው ጓደኛችን መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥላ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ከንፈሯ ጠቆረ። ሚኒባሳችን ገና ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ደግፈን አጠገባችን ወዳለው ገበሬ ቤት ይዘናት ገባን። እናትየዋ ምንም ሳይጠይቁ እሳቱን ቆስቆስ አደረጉት። ጋቢ አለበሷት። ቡና መጣ። እግዜር ይስጣቸው፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰችልን።

አባወራው ውጭ አውድማው ዳር ቆመዋል። ላይዳቸውን ተደግፈዋል። የተወቃው ገብስ ክምር ብሎ ይጠብቃል። ያው ነፋስ ለኛ መከራ ሆኖ ሲመጣ እሳቸው ሲጠብቁት የነበረ ነፋስ ነው። ገብሱን በላይዳ ወደ ላይ ሲወረውሩት እብቁ ወደ ምዕራብ ይበናል፣ ፍሬው ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

«አባባ፣ ነፋሱ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ? በዚህ ወር ፀሐይ ሳትሞቅ አይነሣም። ከሞቀች ደግሞ አይቀርም። ስታልፉ ብትጠይቁኝ እነግራችሁ አልነበር?»

ይህ ንግግር ከአእምሮዬ አልወጣም። ነፋሱ ሰዓት አለው። አቅጣጫ አለው። በአውድማው ዳር ያለ ገበሬ ያውቀዋል። መሣሪያ ያላችሁ እናንተማ ከእሳቸው በላይ ታውቁታላችሁ። ሳይነገረን የቀረነው እኛ ብቻ ነን።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን እያነበብኩ፣ እየጠየቅኩ፣ እያየሁ ለመረዳት ሞክሬያለሁ። እናንተ የምታውቁት ነው። ግን ይህን ደብዳቤ ሌላም ሰው ያነበዋልና እንደገባኝ ልጻፈው። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቀዋል። መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከላዩ ያለው አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈሳል። ከኮረብቶቹ ወርዶ እንደ ሱሉልታ ያለ ሜዳ ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው አንዳንድ ጠዋት ሜዳው ከጋራው ወገብ የሚብሰው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ያለ ነገር አይደለም፤ ሰማዩ ከጠራበት ጊዜ ጀምሮ ሌሊቱ ጥርስ ያወጣል። ይህ የተኛ አየር ከላይ ያለውን ነፋስ ወደ ታች አያስገባም። ፀሐይ ወጥታ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ይንቀሳቀሳል፣ ይደባለቃል። ያኔ ከላይ ሲነፍስ ያደረው የምሥራቅ ነፋስ ወደኛ ይወርዳል።

ይህን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ኅዳር 12 ማለዳ እንጦጦ ይውጣ። ኅዳር ሲታጠን የከተማው ሰው ቆሻሻውን ያቃጥላል፤ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የፈጀውን የኅዳር በሽታ ተከትሎ የመጣ ልማድ ነው ይባላል። ከላይ ሆነህ ስታይ ጭሱ ከተማው ላይ እንደ ነጠላ ተዘርግቷል። ወደ ላይ ሄዶ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ክዳን እንዳለው ድስት ነው። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትበረታ ክዳኑ ይከፈትና ጭሱ ይበተናል። በዚያ ቀን ታች መንገድ ላይ የሚሮጥ ሰው ያንን ሁሉ እየሳበ ነው የሚሮጠው። ሌላም ቀን ቢሆን በበጋ ማለዳ የመኪናውና የማገዶው ጭስ የሚከብደው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ በዚህ ወር ወይ ወደ ላይ እንወጣለን፣ ወይ አርፍደን እንጀምራለን።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የቦሌ ማኮብኮቢያዎች ለምን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘረጉ? አውሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ ነው የሚነሣው፣ የሚያርፈውም። የዚህ አገር ዋና ነፋስ ከምሥራቅ በኩል መሆኑን መሐንዲሶቹ ያኔም ያውቁ ነበር። ዛሬም ለአብራሪ የነፋሱ አቅጣጫና ፍጥነት ሳይነገረው አይነሣም። በየሰዓቱ ይለካል፣ ይመዘገባል፣ ይላካል። አዳማም ሄዳችሁ እዩ። ኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች የመጀመሪያው ጣቢያ 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ነፋሱ ሳይለካ አንዱም አይተከልም ነበር። ነፋስ መለካት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በእግሩ ለሚሄደው ሰው መንገር ነው የቀረው።

«ለመዝናናት ለሚሮጥ ሰው ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ያደርጋል። የነፋስ ጫና እንደ ፍጥነቱ ብቻ አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጫናው አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው 20 ኪሎ ሜትር ነፋስ ፊት ለፊት ሲገጥመው ሰውነቱን የሚመታው 30 ነው። አየሩ 5 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ለፊቱና ለእጁ 0 ዲግሪ ሆኖ ይሰማዋል። ላብ ከረጠበ ደግሞ የባሰ ነው። ተመልሶ ከነፋሱ ጋር ሲሮጥ በተቃራኒው የሚደርሰው ነፋስ ወደ 10 ይወርዳል፤ ላቡ ቶሎ አይደርቅም፣ ሙቀት ይወጥረዋል። አንድ ሰው በአንድ ጠዋት ሁለት አየር ውስጥ ይሮጣል።

ታላላቆቹም ይህን ያውቃሉ። በ100 ሜትር ውድድር ከኋላ የሚመጣ ነፋስ በሰከንድ ከ2 ሜትር ከበለጠ ክብረ ወሰን አይመዘገብም። እ.ኤ.አ. በ2011 ቦስተን ላይ ኬንያዊው ጄፍሪ ሙታይ ማራቶኑን በ2:03:02 ጨረሰ። የዓለም ክብረ ወሰን በወቅቱ የኛው ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2008 በርሊን ላይ የሮጠው 2:03:59 ነበር። ግን የሙታይ ሰዓት ክብረ ወሰን ሆኖ አልጸደቀም። የቦስተን መንገድ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ የሚጨርስና ቁልቁለት የበዛበት ስለሆነ ደንቡ አይፈቅድም፤ የዕለቱም ነፋስ ከኋላ ይገፋ ነበር። ደንብ አውጪዎቹ ነፋስ ሰው እንደሚረዳ ካመኑ፣ ሰው እንደሚጎዳም እንመን።

የብስክሌት ጓደኞቼ ከኛ በላይ ይነካቸዋል። ሰንዳፋ ከከተማው በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው። በበጋ ማልደው ከወጡ ነፋስ ሳይነሣ ይደርሳሉ፣ ሲመለሱ ከኋላቸው ይገፋቸዋል። አርፍደው ከወጡ ግን መሄጃው ሁሉ ትግል ነው። ይህንንም ቢሆን ተለማምደውታል። የሚያስፈራቸው የጎን ነፋስ ነው። ሲኖትራክ አጠገብህ ሲያልፍ ለአንድ አፍታ ነፋሱን ይከልልሃል። አልፎ ሲሄድ የተከለለው ነፋስ በአንዴ ይመታሃል። ወደ ነፋሱ ዘንበል ብሎ የሚነዳ ሰው መጀመሪያ ወደ መኪናው ይሳባል፣ ቀጥሎ ወደ ጠርዙ ይወረወራል። በአንድ መጋቢት ከሰዓት በኋላ አንዱ ጓደኛችን እንዲህ ሆኖ ቦይ ውስጥ ገባ። ክንዱ ተላላጠ፣ ሌላ አልሆነም። ተመስገን።

በልግና ክረምት ሲመጣ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። እዚህ ጋ ስለ መብረቅ ካልጻፍኩ ደብዳቤው ጎዶሎ ነው።

ግንቦት ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ገደማ። ከክፍለ ሀገር የመጡ ዘመዶቼን ይዤ ከእንጦጦ ጀርባ በእግር እንሄዳለን። ጠዋት ሰማዩ ሰማያዊ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ደመናው እንደ ጥጥ መከመር ጀመረ። እኛ ጥላ ሆነልን ብለን ደስ አለን። ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ መታን። ባሕር ዛፎቹ ባንዴ ጎበጡ፣ ቅጠል ዘነበብን። ወዲያው ትልልቅ ጠብታ፣ ከኋላው በረዶ። ሁላችንም እየሮጥን አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር ገባን።

«እትዬ! እትዬ! ከዛፉ ሥር ውጡ!»

ዞር ስል አንድ የፍየል እረኛ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። እሱ ራሱ ሜዳው ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ እግሩን ገጥሞ ቁጢጥ ብሏል። ላስቲክ ተከናንቧል። እንደገና ጮኸ። አክስቴ በዚህ በረዶማ ንቅንቅ አልልም አለች። ጎትቼ አወጣኋት። በበረዶ እየተደበደብን ልጁ እንዳደረገው አደረግን። መብረቁ ሌላ ቦታ ወደቀ፤ እኛን አልነካንም። በሳምንቱ በዚያው በኩል ሳልፍ ከዛፉ ትንሽ አለፍ ብሎ የቆመ ሌላ ባሕር ዛፍ አየሁ። ልጡ ከጫፉ እስከ ሥሩ በአንድ መስመር ተገፍፏል። ነጩ እንጨት ይታያል። ልጡ እንደ መቀነት ተንጠልጥሏል። እጄን አስነካሁትና ቶሎ መለስኩት።

እናቴ ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል ትል ነበር። ልጅ ሆነን ዝናብ ሲመጣ ቀይ ሹራቤን ታስወልቀኝ ነበር። መብረቅ ግን ቀለም አይመርጥም፤ ከፍ ብሎ የቆመውን ነው የሚፈልገው። ዛፉን፣ ምሰሶውን፣ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመውን ሰው። ለአንባቢ አንድ ነገር ልንገር። ብልጭታውን ስታዩ መቁጠር ጀምሩ። ድምፁ እስኪመጣ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከሠላሳ ሰከንድ በታች ከሆነ መብረቁ ከአሥር ኪሎ ሜትር ቀርቧል፤ የጀመራችሁትን ተዉ፣ ቤት ወይም መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ሠላሳ ደቂቃ ጠብቁ። ዝናቡ አባርቷል ብሎ መውጣት ያታልላል። ግድግዳ የሌለው የቆርቆሮ ዳስም መጠለያ አይሆንም። እረኛው እንዳደረገው ዝቅ ብሎ መቀመጥ ሌላ ምንም ሲጠፋ ነው።

ያ ቀዝቃዛ ነፋስ ደግሞ ራሱ መልእክት ነበር። ከከባድ ደመና ዝናብና በረዶ ሲወርድ ቀዝቃዛውን አየር ይዞት ይወርዳል። አየሩ መሬት ሲነካ ወደ ጎን ይበተናል፣ ከዝናቡም ቀድሞ ይደርሳል። ሜዳ ላይ ያለ ሰው ይህን ነፋስ ሲያገኝ የቀረው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። አሁን አውቄዋለሁ። ያን ቀን ግን «እፎይ፣ ነፈሰልን» ነበር ያልኩት።

ክረምቱን ባጭሩ ልለፈው። ነፋሱ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ይዞራል፣ እርጥበቱን ያመጣል። ጋራው አየሩን ወደ ላይ ስለሚገፋው እንጦጦ ከከተማው በፊት ይደምናል። ታች ሆነን ደመና ያልነው እላይ ስንደርስ ጉም ነው፤ አሥር እርምጃ ፊት ያለ ሰው አይታይም። ደግሞም «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ስንል አድገናል፣ ግን መስከረም ላይም ዶፍ አለ። ስለዚህ በዚህ ወቅት ልምምዳችንን ጠዋት አድርገን ከስድስት ሰዓት በፊት እንወርዳለን።

እንግዲህ የምንለምነው ይህን ነው። አዲስ አበባን ባንድ ቁጥር አትጨርሷት። ዓርብ ማታ ቢያንስ ለእንጦጦ፣ ለሱሉልታ፣ ለሰንዳፋ፣ ለአቃቂ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ ለመናገሻና ለወጨጫ ለየብቻ ተናገሩ። ረጅም አይሁን። የማለዳውን ቅዝቃዜ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣና በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ያሰጋ እንደሆነ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁን፤ ጥጃ የሚያጠጣው ልጅና ገብስ የሚያዘሩት አባት ከኛ ቀድመው የሚሰሙት መሆን አለበት። የነሱ ኑሮ ነው። የኛ ቅዳሜ ነው።

ሌላው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። «አልፎ አልፎ ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ ይኖራል» ሲባል ጠዋት ነው ከሰዓት? ለገበሬ፣ ለሯጭ፣ ልብስ ላጠበችው እናት ልዩነቱ ሰፊ ነው። በእርግጠኝነት ተናገሩ አላልኩም። «ከሰባት ሰዓት በኋላ ያሰጋል» ካላችሁ ይበቃናል። ሳይመጣ ቢቀር አንወቅሳችሁም። እኔ ለራሴ ቃል እገባለሁ።

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የሚወጣው ሰው ብዛት ይታያችኋል። ልጅ ይዞ፣ አዛውንት ደግፎ የሚወጣ አለ። በየመግቢያው አንድ ሰሌዳ ቢኖር ምን አለበት? የዕለቱ ሙቀት፣ ነፋስ፣ የነጎድጓድ ማስጠንቀቂያ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እንደሚሰቀለው ያለ፣ ነፋስ ሲገባበት የሚነፋ ባለቀለበት ጨርቅ ሱሉልታ ሜዳ ዳር ቢሰቀል ደግሞ ማንበብ የማይችልም ያነበዋል። ብዙ ወጪ ያለው አይመስለኝም።

ቁጥር ስትነግሩን ደግሞ በሚታይ ነገር አስይዙልን። ፍራንሲስ ቦፎርት የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን በ1805 እ.ኤ.አ. ነፋስን ከ0 እስከ 12 በደረጃ ከፋፍሎት ነበር። ለመርከብ የተሠራው በኋላ ለየብስም ተስማምቶ ዛሬም ይሠራበታል። እኛ ወደ ሠፈራችን አምጥተነዋል። ጭስ ቀጥ ካለ 0 ነው። ጭሱ ዘመም ካለ 1። ቅጠል ሲንሾካሾክ፣ ፊት ላይ ሽው ሲል 2። ባንዲራ ሲዘረጋ 3፤ ይህ በሰዓት ከ12 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ነው። አዋራና ፌስታል ሲነሣ 4፤ ከ20 እስከ 28። እዚህ ላይ ከሆነ ጃኬት ሳንይዝ አንወጣም። ትንንሽ ዛፍ ሲወዛወዝ 5 ነው፤ ብስክሌተኞቹ ይቀራሉ። ትልልቅ ቅርንጫፍ ሲነቃነቅና ጃንጥላ አልያዝ ሲል 6 ነው፤ ከ39 ኪሎ ሜትር በላይ። ያኔ ባሕር ዛፍ ውስጥ አንገባም። ባሕር ዛፍ ቅርንጫፉን ሳያስጠነቅቅ ይጥላል።

እኛም በበኩላችን እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። ካንዱ ወገን የሚጠበቅ ነገር እንዳለ ሁሉ ከሌላውም አለ። ከዚያ ታኅሣሥ ወዲህ ደብተር ይዣለሁ። የሂሳብ ሰው ነኝና መስመር አስምሬ፣ በአምድ በአምድ ነው የምጽፈው። ቦታ፣ ሰዓት፣ ጭሱ ወዴት እንዳዘመመ፣ ሣሩ ነጭ ነው አይደለም፣ ደመናው ከየት ጀመረ። መሣሪያ የለኝም፤ ዓይንና ሰዓት ብቻ። ለእናንተ ሥራ የሚጠቅም ከሆነ ፎቶ አንስቼ ልልክ፣ ካሻችሁም ይዤው ልመጣ እችላለሁ። ሱሉልታ ላይ አንድ ቴርሞሜትር የምታስቀምጡ ከሆነም በየቅዳሜው አንብበን የምንጽፍ ዘጠኝ ሰዎች አለን።

የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ታኅሣሥ። ሱሉልታ። 12:30፣ ሣሩ ነጭ፣ ጭሱ ቀጥ። 3:20፣ ከኋላ ሽው አለ። 4:00፣ ነፋስ ከምሥራቅ፣ እብቁ ወደ ምዕራብ። አባባ ያውቁ ነበር።»

አክባሪያችሁ፣
ከአዲሱ ገበያ በላይ የምትኖር ሯጭ